ነውር አልቀበርንም

ውድ አባዬ፣

ሁለት ረመዳን ያለ አንተ ጾምን። ሁለቱንም ረመዳን፣ በመጀመሪያው ቀን፣ እማዬ ለማፍጠሪያው ብርጭቆ ስታወጣ ያንተንም አብራ አወጣች፤ ትንሽ አየችውና መልሳ ወደ ቁም ሳጥኑ አስገባችው። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ለሞተ ሰው ዱዓ ይደረግለታል እንጂ ደብዳቤ አይጻፍለትም ብለህ ትስቅብኝ ይሆናል። ዱዓውን አልተውኩም። ግን ለዱዓ እጄን ዘርግቼ መናደድ አልሆነልኝም፤ ዛሬ ደግሞ በጣም ተናድጃለሁ። ስለዚህ የናፍቆት ደብዳቤ አትጠብቅ። ናፍቆቱ አለ፣ ንዴቱ ግን ቀድሞታል።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የበረንዳው ቆርቆሮ በክረምቱ ንፋስ ተነቅሎ ስለነበር አስቀየርነው። «ይሄ ዛፍ ጥላ እንጂ ፍሬ አያውቅም» ትለው የነበረው የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፤ ለጎረቤት ብናድል ብናድል አላልቅ አለን። እኔ እዚያው መድኃኒት ቤት ነኝ፤ አሁን ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኝ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ሐኪሙ እረፊ ቢላትም ገበያ መሄዷን አልተወችም። ያንተ ጠረጴዛ ከበረንዳው ተነስቶ እኔ ክፍል መስኮቱ ስር ገብቷል።

አዎ፣ በቆዳ መሥሪያ ሳጥንህ መሥራት ጀምሬያለሁ።

ሁሉንም እንደተውከው ነው ያገኘሁት። ራሷ ላይ የምትዞረው ትንሿ ቢላ፣ የእንጨቷ መዶሻ፣ ቅጠልና አበባ የሚያትሙት ብረቶች፣ ስፖንጁ፣ የሰሙ ቆርቆሮ። ጥቁሩ ቀለም ጠርሙሱ ውስጥ ደርቋል፤ ቡናማውና ቀዩ ግን ደህና ናቸው። ከመርካቶ በሹፌር ታስመጣቸው የነበሩት ቁርጥራጭ ቆዳዎችም ከሳጥኗ ስር በጋዜጣ ተጠቅልለው ነበር።

አንተ ስትሠራው ቀላል ይመስለኝ ነበር። ቆዳውን አረጠብኩና ወዲያው ቢላውን አሳረፍኩበት፤ ቢላው እየሰመጠ መስመሩ ሁሉ ተጨማደደብኝ። ውኃው ወደ ውስጥ እስኪገባና ቆዳው ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ እስኪጀምር መጠበቅ እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ ሁለት ቁራጭ ካበላሸሁ በኋላ ነው። «አትቸኩይ፣ ይጠጣ» ትለኝ ነበርኮ። ማቅለሙ ደግሞ ባሰ። ቀለሙን በአንድ ጊዜ ስላፈሰስኩት የማንጎ ቅጠል ይሆናል ያልኩት ነገር ያረረ ዳቦ መሰለ። አሁን በጨርቅ ትንሽ ትንሽ እየነካሁ፣ እያዞርኩ መቀባት ለምጃለሁ። በቅርቡ አንድ የቁልፍ ማንጠልጠያ ጨረስኩ። የቅጠሉ ጅማት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጠርዙንም እስኪያብረቀርቅ አሽቼዋለሁ። አንተ ብታየው እንከን አታጣለትም፤ ግን ከኪስህ አታወጣውም ነበር።

ጓንት ማድረግ ስለምረሳ ጣቶቼ ቡናማ ሆነዋል። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከእነዚህ ጣቶች ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሳጥኗን ይዘህ የመጣህበትን ቀን ላንሳብህ። ግድቡ ላይ በያጅ ሆነህ ስትሠራ ከጉባ የምትመጣልን አልፎ አልፎ ነበር። ስትመጣ ሁልጊዜ ከቦርሳህ ቀድሞ የሚወጣው የኔ ከረሜላ ነበር፤ ያን ቀን ግን ይህች ሳጥን ቀደመች። ካምፕ ውስጥ ጎረቤትህ የነበረ የውጭ አገር ቴክኒሺያን ሥራው አልቆ ሲሄድ ትቶልህ ሄደ። የጉባ ፀሐይ ሰው በማያስወጣበት የእረፍት ቀን ከእሱ ጋር ጥላ ስር ተቀምጠህ እንደተማርክ፣ ቋንቋ ለቋንቋ ሳትግባቡ በእጅ ብቻ እያሳየህ እንዳስተማረህ ነገርከን። «ብረት ቀኑን ሙሉ ሲጮህብኝ ይውላል፤ ቆዳ ግን ዝም ይላል» አልክ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ደስ ብሎኝ ብረቶቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ መሬት ላይ አተምኳቸው። እማዬ ግን ተነስታ የውጭውን በር ዘጋች። ሙቀቱ እንደዚያ ሆኖ በር ለምን እንደሚዘጋ አልገባኝም ነበር።

ኋላ ወገብህ ተጎድቶ ለአንዴው ቤት ስትገባ ገባኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጠህ ስትሠራ መንገደኛው ሁሉ ያይህ ነበር። አጎቴ ይመር፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም፣ እንግዳ በተሰበሰበበት ምን እንዳለህ አልረሳውም፦ «ከወሎ እዚህ ድረስ መጥተን ከቤታችን ፋቂ ሊወጣ ነው?» አንተ ሳቅክ። «ፋቂ ለመባል እንኳ ገና ነኝ፤ መፋቅ አልችልበትም» አልከው። እንግዶቹም ሳቁ፤ ነገሩ በሳቅ አለፈ።

እኔ ግን አላለፈልኝም። ሰዎቻችን በደርግ ጊዜ በመኪና ተጭነው ወደ አሶሳ ሲመጡ መሬታቸውን ትተዋል፣ ከብታቸውን ትተዋል፣ የአባቶቻቸውን መቃብር ትተዋል። ይህን አንድ ቃል ግን ሳይጥሉ ይዘውት መጡ። ያ ሁሉ ሲጠፋ ይሄ እንዴት ተረፈ? ረሃቡን ያየ ሰው፣ በሰው አገር «ሰፋሪ» እየተባለ ያደገ ሰው፣ እንዴት ደግሞ ከእኔ የሚያንስ ብሎ የሚጠራው ሰው ይፈልጋል?

የሆሞሻውን ሸህ ታስታውሳለህ፤ ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ ቁርኣን ይዘው የመጡትን የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌ። አዲስ ሽፋን ሠራህላቸው፤ ዙሪያውን ሐረግ አትመህ ቀዩን ከቡናማው ጋር ደባልቀህ ቀባኸው። ሊወስዱት ሲመጡ ግንባራቸውን አስነኩት፤ ከዚያ ቀለም የተለቀለቀውን እጅህን ያዙና «ኡስታ፣ ይሄ እጅ አላህ ነው የሰጠ። አንተ በጣም ጥሩ ሠራ» አሉህ። «ኡስታ» በእነሱ ዘንድ ለባለሙያ የሚሰጥ የክብር ስም ነው። እሳቸው በወጡበት በር አጎቴ ይመር ገብቶ የቀረበለትን ውኃ በዚያች ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡልኝ አለ። አንድ ቤት፣ አንድ ሰው፣ ያው እጅ።

አሁን ወደ ጣቶቼ ልመለስ።

ኑረዲንን አታውቀውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የተዋወቅነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ቤተሰቦቹ እንደኛው ከወሎ የመጡ ናቸው፤ ከተማው ዳር ሰፈራ መንደር ውስጥ ያርሳሉ። ለእናቱ የደም ግፊት መድኃኒት ሊገዛ እየተመላለሰ ተግባባን። የተረጋጋ ሰው ነው፣ ሲያዳምጥ ስልኩን ኪሱ ይከታል። እወደው ነበር፤ ሽማግሌ ሊልክም ተስማምተን ነበር፤ ይህን ላንተ አልደብቅም።

አንድ ቀን እናቱ ራሳቸው መጡ። መድኃኒቱን ሳቀብላቸው ጣቴን አዩት። «ሂና ነው?» አሉኝ ፈገግ ብለው። «አይደለም፣ የቆዳ ቀለም ነው። አባቴ ይሠራው የነበረውን እየተለማመድኩ ነው» አልኳቸው፣ እየኮራሁ። ፈገግታቸው ቀረ። የሻርፓቸውን ጫፍ እጃቸው ላይ ጠቅልለው መድኃኒቱን በጨርቁ ተቀበሉኝ።

በዚያው ሳምንት ኑረዲን ጭማቂ ቤት ጠራኝ። ብርጭቆውን ሲያሽከረክር ቆየና «ዘይነብ፣ ኒካሁ እስኪያልፍ ድረስ ያን ነገር ብትተይው ምን ይመስልሻል?» አለኝ።

«የቱን ነገር?»

«ታውቂዋለሽ።»

«በስሙ ጥራው።»

አጠገባችን ያሉትን ሰዎች ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቆዳውን። እኔኮ ምንም አይመስለኝም። ለቤተሰቦቼም አስረድቻቸዋለሁ፤ አባቷ ፋቂ አልነበሩም፣ ማስጌጥ ብቻ ነበር የሚሠሩት ብያቸዋለሁ።»

ይህን ብሎ እንዳመሰግነው ጠበቀ፣ አባዬ። በእውነት ተከራከርኩልሽ ብሎ ነው የሚያስበው። ፋቂስ ቢሆን? ቆዳ ፍቆ ልጁን ያሳደገ ሰው ከማን ያንሳል? አባቴ ንጹሕ የሚሆነው ከሌላው ባለሙያ ስለተለየ ነው? ጠረጴዛው ስር ሳይ ጫማው ተወልውሎ ያንጸባርቃል። «ኑረዲን፣ ጫማህ ከምን የተሠራ ነው?» አልኩት። እግሩን ወደ ወንበሩ ስር ሳበ። «አትናደጂ፣ በእርጋታ እንነጋገር» አለኝ። ሰውን ከሰደቡ በኋላ አትናደጂ የሚሉት ነገር ከስድቡ ይብሳል። ጭማቂዬን ሳልነካው ተነስቼ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ጠረጴዛው ባዶ ነው።

«እማዬ፣ ሳጥኗ የታለች?»

«ሽማግሌ ሊመጣ ነው። መጥተው እስኪሄዱ ነው» አለችኝ ሳታየኝ።

ሳልጠይቃት ወደ ጓዳ ገባሁ። ሳጥኗን የበቆሎ ጆንያዎቹ ጀርባ ወሽቃታለች። ስስባት ክዳኗ ተከፈተና የቀዩ ጠርሙስ ወድቆ ጆንያው ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ለማዳን መሬት ላይ ተንበርክኬ ጮህኩባት። ከሰው ሁሉ አንቺ፣ አልኳት። አብሮሽ የኖረውን ሰው እንደ ሌባ ዕቃ ከጆንያ ኋላ ትሸጉጪዋለሽ፣ አልኳት።

አልጮኸችብኝም። ጆንያው ላይ ቁጭ አለችና «አንቺ የምታውቂው ሲስቅ ነው» አለችኝ። «እኔ ያየሁትን አላየሽም።»

ከዚያ ነገረችኝ። የእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ ከሴቶቹ ጋር ትሪ ከበው ተቀመጡ። እሷ እጇን ስትዘረጋ አንዷ «ጠገብኩ» ብላ ተነሳች። ሌላዋም ጠገብኩ አለች። አንድ በአንድ ሁሉም ሳይበሉ ጠገቡ። እማዬ ብነሳ አመንኩላቸው ማለት ነው ብላ ከሙሉ ትሪ ፊት ብቻዋን ተቀምጣ በላች። ምግቡ እንዴት እንደወረደላት አላውቅም። ቤት ስትመጣ «ሠርጉ እንዴት ነበር?» ብለህ ጠየቅካት፤ «ደስ ይል ነበር» አለችህ።

ይህን ስሰማ ያዘንኩላት ይመስልሃል። አዝኛለሁ። ግን የባሰ ተናደድኩ፤ በሴቶቹም፣ ደስ ይል ነበር ባለችውም በእሷ። ሳጥኗን አቅፌ ወደ ክፍሌ ወሰድኩና ጠረጴዛው ላይ መለስኳት። እማዬ ከዚያ በኋላ አልነካቻትም።

ሽማግሌዎቹ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው። በእኛ በኩል አጎቴ ይመር ነበር የተቀመጠው፤ አባት ስለሌለኝ በአባትሽ ቦታ ነኝ ብሎ። ቴምርና ለስላሳ አቀረብንና እኔና እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን አዳመጥን። ስለ ጤና ተባለ፣ ስለ ዝናብ ተባለ፣ ስለ ልጁ ጠባይ ተባለ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ ጠየቁ።

«የልጅቷ አባት፣ አላህ ይርሐማቸውና፣ ሥራቸው ምን ነበር?»

«በያጅ ነበር» አለ አጎቴ። «ግድቡ ላይ የሠራ ሰው ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ሌላ የለም! ያ ሁሉ ዓመት በረንዳው ላይ ተጎንብሰህ ያሳለፍከው በሁለት ቃል ተሰረዘ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛም የሰማነውን ሰምተናል» አሉ። «ልጁ ወዷታል፣ ልናስቀይመው አንሻም። ልጅቷ ከተወችው እኛም አናነሳባትም። የአባቷ ነገር እንደሆነ አልፏል። እሳቸው ሞተዋል፣ ነውራቸውም አብሮ ተቀብሯል።»

«ልክ ብለዋል» አለ አጎቴ ይመር።

ተነሳሁ። እማዬ ክንዴን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ። ዝም በይ ማለቷ መሰለኝ፤ በዚያች ቅጽበት ከሁሉም በላይ የጠላሁት እሷን ነበር። እሷ ግን ራሷ ተነሳች። ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት የበሩን መቃን ያዘችና መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«አክብራችሁ ቤቴ መጥታችኋል፤ አክብሬ ተቀብያችኋለሁ» አለቻቸው። «ግን አንድ ነገር አርሙልኝ። እኔ የቀበርኩት ባሌን ነው። ነውር አልቀበርኩም።»

«ሰይድ ሲሞት እጁ ላይ ቀለም ነበረበት። ገላውን ያጠቡት ሰዎች አሹት፣ አሹት፣ አልለቀቀም። እንደዚያው ከነቀለሙ ነው የተከፈነው። ከእናንተ ውስጥ የጀናዛውን ሶላት የሰገደበት አለ፤ አውቃለሁ፣ አይቼዋለሁ። ያ እጅ ነውር ከነበረ ለምን ሰገዳችሁበት? ልጄ የምትተወው ነገር የላትም። የምትተዉት እናንተ ናችሁ፤ ወይ ቃላችሁን፣ ወይ ልጅቷን።»

«አንቺ ሴት፣ ወንዶች በሚነጋገሩበት!» አለ አጎቴ ይመር ከወንበሩ ተነስቶ።

«ይመር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብዬልሃለሁ» አለችው። «አሁን አንተ ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ፣ አባዬ። በአላህ ስም፣ ቁጭ አለ።

ሽማግሌዎቹ እንመካከርበታለን ብለው ወጡ። አልተመለሱም። ኑረዲን ማታውኑ ደወለ። «ጊዜ ስጪኝ፣ ቀስ ብዬ አሳምናቸዋለሁ» አለኝ። እነሱን ማሳመን ያንተ ጉዳይ ነው፣ እኔ ግን እስከዚያ ተደብቄ አልጠብቅህም፣ አልኩት። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የእናቱን መድኃኒት የሚገዛው ከሌላ ቦታ ነው። ምንም አልመሰለኝም ብልህ እዋሻለሁ። ትምህርት ቤቱ የሚለቀቅበት ሰዓት ሲደርስ ዓይኔ አሁንም መንገዱን ያያል። ግን ልጠራው አልፈልግም።

አጎቴም ቀረ። በዒድ እኔና እማዬ ብቻችንን በላን። ሰው ሁሉ ለእኔ አዝኖ «በልጇ ዕድል ላይ ፈረደች» ይላል። ማንም የፈረዱትን ሽማግሌዎች አያነሳም።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ጠዋት ዕቃ እያጠብን ጠየቅኳት። ይህን ያህል ቃል ውስጥሽ ካለ፣ እሱ በሕይወት እያለ ለምን አልተናገርሽውም? ሳህኑን ብዙ አሸችው። «ሲስቅ አልጎዳውም ብዬ ነበር» አለችኝ። «እሱ በሳቅ ያሳለፈውን እኔ ብቆጣበት የማዋርደው መሰለኝ።» ሳህኑን አስቀመጠችና «እሱም አልጠየቀኝም» አለች።

አየህ፣ ንዴቴ ዞሮ ዞሮ አንተ ላይ መጣ። ለምን አልጠየቅካትም? የሳቅከው ለእኛ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔ አንገቴን እንዳልደፋ፣ እሷ ከወንድሟ እንዳትጣላ። ግን ሳቅህን አመንነው። አጎቴ ውኃውን በጠረጴዛህ ላይ አታስቀምጡልኝ ሲል አንድ ቀን «ይሄ ያመኛል» ብትል ኖሮ፣ እማዬ ያን መጋረጃ ያኔ ትገልጠው ነበር። አንተም ተቀምጠህ ትሰማት ነበር። ሚስትህ ስለ አንተ ስትናገር ምን ያህል ታምር እንደነበር አላየህም፤ ያየኋት እኔ ነኝ፣ የሰሟት ደግሞ ሊሰሟት የማይገባቸው ሰዎች ናቸው። ሽማግሌውንም፣ አጎቴንም፣ ኑረዲንንም አንድ ቀን ይቅር እል ይሆናል። ይህን ሳትሰማ መሄድህን ግን እንዴት እንደምቀበለው አላውቅም።

እማዬ አልተለወጠችም። ቆዳ አትነካም፣ የቀለሙ ሽታ ያቅለሸልሻታል። ትናንት ግን የበረንዳውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ወንበር ይዛ ወጣችና «እዚህ ውጪ፣ ውስጥ ብርሃን የለም» አለችኝ። ጠረጴዛውን ተጋግዘን አወጣነው። መንገደኛው ሲያልፍ ያየናል። አንዳንዱ ሰላም ይለናል፣ አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል። እማዬ ሰላም ላላት ትመልሳለች፤ ፊቱን ያዞረውንም ስሙን ጠርታ ሰላም ትለዋለች።

አባዬ፣ ስላንተ የምገባልህ ቃል ይህ ነው። በሰው ፊት ሳነሳህ ግማሽህን አልተውም። አባትሽ ማን ነበር ያለኝ ሁሉ ብረት ይበይድ እንደነበር፣ ቆዳም ያስጌጥ እንደነበር ይሰማል፤ አንዱን ጮክ፣ አንዱን ዝቅ አድርጌ አልናገርም። የሚስቅ ካለ እንዳንተ አብሬ አልስቅም። ዱዓ ሳደርግልህም እንደዚሁ ከነሙሉ ሥራህ ነው።

አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። አሁንም ተናድጃለሁ። እወድሃለሁ።

ልጅህ ዘይነብ፣
አሶሳ